ቆሞ የታየው ቶርኖ

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። የቀረው ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ከሥሩ ደም ላይ የተበተነ ሰጋቱራና በመያዣው ጥርሶች ላይ የተጠመጠመ ሰማያዊ እጅጌ ነበር። ሟቹን ጎትቶ አንገቱን የሰበረው ያ እጅጌ ነው።

ሟቹ መስማት የተሳነው ወጣት ነበር። እጆቹ ከወሬ ስለማያርፉ የሥራ ባልደረቦቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። ፖሊስ የያዘው ቀጮ የተባለውን ሌላውን የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ተጣልተው ነበር፤ አደጋው ሲደርስም አጠገቡ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ክሱ አጭር ነው፦ ሬዲዮ በቆመው ማሽን ውስጥ እጁን ሲያስገባ ቀጮ አስነሣበት። ከተፈረደበት እስር ቤት ያረጃል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው መርማሪዋ።

«በመፍቻ። መፍቻዬን ወስዶ አላየሁም አለ። በእጁ ሰደበኝ፣ በእጄ መለስኩለት። የኛ ስድብ ድምፅ የለውም እንጂ ከሩቅ ይታያል። ለዚህ ነው ሁሉም እኔን የጠቆመው።»

«ማሽኑን ማን አስነሣው?»

«ራሱ ነዋ። እየሠራ ነበር እኮ፣ እህቴ። እየዞረ እያለ እጁን ሰደደበት። ይህን ስናገር ፖሊሶቹ ይስቁብኛል። የለመደ ሠራተኛ የሚዞር ቶርኖ ይነካል ወይ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።»

«ካቴናውን ፍቱለት» አለች ለፖሊሶቹ፤ ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረች። «በዚያን ጊዜ በነበረው ፍጥነት አስነሣልኝ።»

ቶርኖው አጓራ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ብረቱን ነክሰው የሚያሽከረክሩት ሦስት ጥርሶች ጠፍቶ እንዳደረ ማሽን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች። አሁን መዞሩን የሚነግራት ምንም ነገር አልነበረም። ከኪሷ ቁራጭ ክር አውጥታ ወረወረችበት፤ ክሩ ወዲያው ተበጣጥሶ ጠፋ።

«አጥፋው» አለችና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። በሦስት ረድፍ የተሰቀሉ ሠላሳ ፍሎረሰንቶች ያበራሉ።

የወርክሾፑ ባለቤት የሟቹ እናት ናቸው። ቢሮ ውስጥ በሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ መብራቱን ማን ነው የሠራው?»

«ታላቁ ልጄ። ኤሌክትሪሺያን ነው። ለወንድሙ ብሎ ነው እንዲህ የሠራው። ፍሎረሰንት ዐይናችን አያየውም እንጂ ሁልጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል ይለኛል። የሚዞር ነገር ከብልጭታው ጋር እኩል ከገጠመ የቆመ ይመስላል። እኛስ እንሰማለን፤ ትንሹ በምን ይወቅ? ስለዚህ ሦስቱን ረድፍ ፌዝ በሚባሉ ሦስት የተለያዩ የኤሌክትሪክ መስመሮች አስገባቸው፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው እንዲበራ። ከዚያ ትንሹን እዚያ ቶርኖ ፊት አቁሞ በእጁ ነገረው፦ እዚህ ቤት ቆሞ ካየኸው ቆሟል፤ ዐይንህን እመን።»

«ጎበዝ ነው ማለት ነው።»

«በዚህ ነገርማ አይታማም።» ፊታቸው ለአፍታ ፈካ። «አማቼ፣ የሴት ልጄ ባል፣ አንድ ጊዜ መብራት ልጨምር ብሎ መስተዋቱ ላይ የተጻፈውን ዋት ብቻ ደምሮ፣ የራሱን ኃይል የሚበላውን ማስነሻ፣ ባላስቱን፣ ረሳ። ልጄ ታዲያ ምሳው እስኪያልቅ ‹ባላስቱን ጎረቤት ሊያበላልህ ነው?› እያለ አፌዘበት።» ፈገግታው አፋቸው ላይ እንዳለ ማልቀስ ጀመሩ።

መርማሪዋ የኤሌክትሪክ ቦርዱን ከፈተች። «መብራት» ከሚል ጽሑፍ ሥር፣ ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጡ ሦስት ብሬከሮች አሉ። ሁለቱ አሁን ወደ አዲሱ የብየዳ ማሽን ይሄዳሉ። ሦስቱም የመብራት ረድፎች በሦስተኛው ላይ ተንጠልጥለዋል። እሱም አዲስ ነው፤ ተነቅለው ከቦርዱ ሥር የተቀመጡት የበፊቶቹ ባለ ስድስት አምፔር ሲሆኑ ይህ ባለ ዐሥራ ስድስት ነው።

ወርክሾፑን የሚያስተዳድረውን አማች አስጠራችው።

«ሠላሳ ፍሎረሰንት፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ስድስት ዋት። ስንት አምፔር ይስባል?»

ስልኩን አውጥቶ አባዛ። «ሺህ ሰማንያ ዋት። ለሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲካፈል… አምስት አይሞላም። ባለ ስድስቱ ይበቃዋል። ግን እኔን አትመኚኝ፤ በዚህ ነገር ተሰድቤያለሁ።»

ታላቅ ወንድምየው ደረጃው ላይ ነበር። ያንኑ ጠየቀችው።

«አምስት ገደማ» አለ ወለሉን እያየ። «ስድስት ይበቃዋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምን አለው፤ ማባዛትና ማካፈል ነው።»

«ሦስቱን ረድፍ አንድ ያደረገው ማነው?»

«እንጃ። እዚህ ቤት ሽቦ የማይነካ የለም።»

መርማሪዋ አራቱንም ቶርኖው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ለእናትየዋ ወንበር አመጣች፤ ራሷ ቆመች።

«ቀጮ ማንንም አልገደለም» አለች። «ማሽኑ እየዞረ ነበር። ሬዲዮ ግን ቆሞ አየው፤ እኔም ቆሞ አይቼዋለሁ። መብራቶቹ በሦስት ፌዝ ቢሆኑ ኖሮ ዐይኑ አያታልለውም ነበር። አንድ ሰው አንድ ላይ አድርጓቸዋል። ጥያቄው እሱ ማነው ነው።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ አማቹ።

«አይችልም። ሰውዬው ብሬከሩንም ቀይሯል። መስተዋቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው አምስት አምፔር ብሎ ባለ ስድስቱን ይተወው ነበር። ባላስቱ ግን የራሱን ዐሥር ዋት ይበላል፤ ጥቅል ሽቦ ስለሆነም ዋቱ ከሚያሳየው በላይ አምፔር ይጎትታል። ሠላሳው ፍሎረሰንት የሚስበው ዐሥራ ሦስት ነው። በባለ ስድስት ብሬከር ቤቱ ይጨልማል። ቀጮ፣ መብራት ቆርጦባችሁ ያውቃል?»

«ኧረ አንድም ቀን።»

«ስለዚህ ሞክሮ፣ ሲቆርጥበት የቀየረ ሰው አይደለም። ገና ሳይነካው ዐሥራ ሦስት መሆኑን ያውቅ ነበር።» ወደ አማቹ ዞረች። «አንተ አታውቅም።»

«አላውቅም» አለ አማቹ፤ አለማወቅ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«አንተ ግን ታውቃለህ» አለችው ታላቅ ወንድምየውን። «ባላስት የረሳን ሰው ምሳ እስኪያልቅ ያፌዝክ ሰው፣ እኔ ስጠይቅህ ራስህ ረሳኸው። ባትዋሸኝ ኖሮ እጠራጠር ነበር እንጂ እርግጠኛ አልሆንም ነበር።»

ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ለጊዜው ነበር» አለ። «ቦርዱ ሞልቷል፤ አዲሱ እስኪመጣ ለብየዳው የመብራቱን ሁለት ቦታ ወሰድኩ። ልነግረው ነበር። ለጊዜው ዐይንህን አትመን፣ መጀመሪያ ማብሪያውን እይ ልለው ነበር። ሥራ ደራረበብኝና ነገ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ።»

«ቀጮ ሲታሰር እያየህ ለምን ዝም አልክ? እስር ፈርተህ?»

ኤሌክትሪሺያኑ ቀና አለ። ዐይኑ ወደ እናቱ ሄደና በፍጥነት ተመለሰ። መርማሪዋ አየችው፤ የጠየቀችውን መልሶ መዋጥ ቢቻል በዋጠችው ነበር።

«ብየዳው በዚህ ሳምንት ካልተነሣ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ» አሉ እናትየዋ በቀስታ። «ቦታ የለም አለኝ። ፈልግ አልኩት።» ልጃቸውን አዩት። «ይህን እንዳላውቅ ብለህ የሰው ልጅ ልታሳስር ነበር?»

«አዎ እማዬ።»

እናትየዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«እኔንም ጻፊኝ፣ ልጄ።»

«ፈልግ ማለት ወንጀል አይደለም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምንድን ነው?»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን አጠፈች። ለዚህ ስም አልነበራትም። ካቴናው የፋቀው የእጁ አንጓ ገና የቀላው ቀጮ ቀረበ፤ አሮጊቷን በክንዳቸው ደግፎ ከወንበሩ አነሣቸውና ቁጢጥ ወዳለው ልጃቸው ቀስ እያለ ወሰዳቸው።