በሁዳዴ የተሰበረ እንቁላል

ጾም ሰው ገደለ ሲሏችሁ ታምናላችሁ? ደባርቅ አመነች። ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እስከዳር አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች፤ ከተማውም ሬሳው ሳይነሣ ፍርዱን ጨረሰ፦ «የንስሐ አባቷ ክኒኗን ከልክለው ገደሏት!» ማስረጃ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሠርካለም ከጎንደር ተጠርታ ስትደርስ ሟቿ ሦስት ጋቢ እንደ ደረበች ነበረች። ገላዋ ከሲታ ነው፤ ፊቷና የዓይኖቿ ቆቦች ግን አብጠዋል። ሠርካለም ይህን ፊት ጠዋት ዳባት መናኸሪያ፣ አንድ የግል ክሊኒክ በለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ሲስቅ አይታዋለች። ራስጌ ያለው የክኒን ብልቃጥ ሙሉ ነው።

«እንቅርቷን ካስወጣች ስድስት ዓመቷ ነው» አለ ባሏ ላቀው፤ የፓርኩ አስጎብኚ ነው። «ከዚያ ወዲህ ወፈረች። አምና ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አሳነሰች፤ አርባ ኪሎ ቀነሰች። የታይሮይድ ክኒኗን ግን በየማለዳው ትውጥ ነበር።»

«መቼ ተወችው?»

«ጾሙ ሲገባ ነዋ! አባ ሰይፈ ሥላሴ ከልክለዋት። እኔ እንኳ መተዋን ያወቅሁት ዛሬ ብልቃጡን ሙሉ ሳገኘው ነው።»

ሠርካለም ወደ ጓሮ ወጣች። የአመዱን ቁልል በእንጨት ስትቆሰቁስ የእንቁላል ቅርፊት አገኘች፤ ገና ያልደረቀም ነበረበት። የሟቿን ጎረቤት በር አንኳኳች።

«እትዬ ውቢት፣ እንቁላሉን ያመጡላት እርስዎ ነዎት?»

«የምን እንቁላል? በሁዳዴ? ኧረ አማትቢ!»

«ዶሮ ያለው በእርስዎ ግቢ ብቻ ነው።»

ውቢት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ሽሮ ውስጥ ቀብሬ ነበር የማመጣላት። ሰው ቢያይ ምን ይለኛል? አባ ናቸው የፈቀዱላት፣ እኔው ፊት! ጨጓራዋ ከሲኒ አይበልጥ፤ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ካልቀመሰች ትወድቃለች። ‹ይህ ጾም ለአንቺ አይደለም፤ እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ› አሏት።»

«ሰሞኑን እንዴት ነበረች?»

«ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርባ ብርድ ብርድ ይላታል። ድምፅዋ ጎረነነ። ጠይቄያት መልሱን እስክታገኘው ወጡ ያርርብኛል። ላቀውን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት ብለው ‹ደክሟት ነው› አለኝ።»

«ለሐኪሟ አትደውልም ነበር?»

«ደዋዩም ተደዋዩም ላቀው ነው። ‹ሐኪሙ እንዲህ አለ› እያለ የሚነግራት እሱ።»

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ባርናባስ ገና የእስከዳርን ስም ሲሰማ ተቆጣ። «እንቅርቷ ሲወጣ ከሰውነቷ የጎደለውን የሚተካው ይህ ክኒን ነው። ጨጓራ ቢያንስም ባያንስም ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ይህን ለእሷም ነግሬያታለሁ። ጥር ላይ ላቀው ‹ቢቀርስ?› አለኝ። ‹በሳምንታት ውስጥ ትቀዘቅዛለች፣ ትደነዝዛለች፣ ትሞታለች› አልኩት።»

በሣልስቱ ሁሉም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ለዚያው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተመዘገቡ ሦስት የዳባት ሴቶችም ለቅሶ መጥተዋል። አባ ሰይፈ ሥላሴ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«አባ፣ ክኒን ከልክለዋታል?» አለች ሠርካለም።

«ለሕመሟ እንቁላል የፈቀድኩ ሰው መድኃኒት ልከለክል?» አሉ። «ያጠመቅኋቸው ልጆች እጄን መሳለም ተዉ።»

ሠርካለም ወደ ሕዝቡ ዞረች። «በሁዳዴ እንቁላል የምትበላ ሴት ለጾም ብላ ክኒን አትተውም። ያስተዋት በሕክምና ነገር የምታምነው ሰው ነው። ባርናባስ ዕድሜ ልክ ነው ብሏታል። ሐኪሙን ደውዬ ጠየቅሁት፤ ከጥምቀት ወዲህ ከእሷም ሆነ ከቤቷ ሰው ጋር ቃል አልተለዋወጠም። የቀረው የሐኪሙን ቃል አመጣሁ የሚላት ነው።»

ላቀው ብድግ አለ። «መተዋን እንኳ አላውቅም ነበር!»

ሠርካለም የዳባቱን ማስታወቂያ ዘረጋች። «‹ቀዶ ሕክምናው ክኒን አስጣለኝ፤ እስከዳር ከደባርቅ።› የተለጠፈው ከመሞቷ አሥራ አምስት ቀን በፊት ነው። ክሊኒኩን ጠየቅሁ፤ ቃሉን የላከው የሰሜን ወኪላቸው ነው። ወኪሉ ማን ነው፣ አቶ ላቀው?»

«እሱ ነው!» አለች ከዳባት ሴቶች አንዷ ገዱ። «እኔም ያንኑ ክኒን እውጣለሁ። ‹ይቀርልሻል፣ ሚስቴን አታዪያትም?› ብሎ ነው የመዘገበኝ!»

ላቀው ተመልሶ ተቀመጠ። «ክሊኒኩ በቋሚነት ሊቀጥረኝ ነበር… እሷ እየዋጠች ማን ያምነኛል? ሐኪሙ ተዪው ብሏል አልኳት። እስክቀጠር፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ነበር።»

ውቢት «እኔስ ደክሟት ነው ስትለኝ አመንኩህ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ሠርካለም አንቱታውን ጣለችው። «ለእኔ ጣቢያ ትመልሳለህ። አሁን ተነሥተህ ለእነዚህ ሴቶችና ለእኚህ ቄስ፣ ሕዝብ እየሰማ መልስ። ምን እንደሚመጣ ተነግሮሃል። እያየሃት በረደች፣ አበጠች፣ ድምፅዋ ጠፋ። ‹ዋሽቼሻለሁ፣ ዋጪው› ለማለት ስንት ማለዳ ነበረህ? ቁጠር! ጮክ ብለህ ቁጠር!»