ደመናው ውስጥ የተሰማው

«ተሬይን፣ ተሬይን» አለ አንድ የማሽን ድምፅ ከአብራሪዎቹ ፊት።

ኑርጃን ቀና አለች። ከአብራሪዎቹ ጀርባ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ናት፤ ትንሿ አውሮፕላን ውስጥ መሃላቸውን የሚለይ በር የለም። አባቷ ሸህ መሐሙድ ከኋላዋ በቃሬዛ ተኝተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጋሉ። ከበቅሎ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በዚያ በ2002 ክረምት የአቀስታን መንገድ ጎርፍ ስለቆረጠው፣ ለመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያመጣችው የእርዳታ ድርጅት አውሮፕላን ስትመለስ ኮምቦልቻ ልታደርሳቸው ነበር።

ከመስኮቱ ውጪ ከነጭ ደመና በቀር የሚታይ የለም። አብራሪዎቹ የሚወርዱት መሣሪያ እያነበቡ ነው።

ተሬይን። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር ቃሉን በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ አይታዋለች፤ የመሬት አቀማመጥ ማለት ነው። ሰማይ ላይ የምን መሬት?

«ይሄ ነገር እዚህ ሲደርስ ሁሌም ይለፈልፋል» አሉ ካፒቴን ሙላው ዘና ብለው። «ተራራው በስተግራ ነው፤ እንቀጥል።»

«ካፒቴን፣ ምንም አይታየንም። ወደ ላይ እንውጣ» አለች ረዳት አብራሪያቸው የኔአለም።

«ቆዪ አልኩሽ።»

«ተሬይን፣ ተሬይን። ፑል አፕ።» ወደ ላይ ሳቡ ማለቱ ነው፤ ቀይ መብራት በራ።

«መሪውን ይዤዋለሁ» ብላ የኔአለም በአንድ እጇ ወደ ራሷ ሳበችው፣ በሌላው የሞተሩን ኃይል መስጫ እስከ መጨረሻው ገፋች። ኑርጃን ጀርባዋ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ጆሮዋ ድፍን አለ። ደመናው ለአፍታ ሲሳሳ፣ እዚያው ከሥራቸው፣ እርጥብ ገደልና ጥቂት ጽዶች አየች። ቅርንጫፋቸው እንኳ ይለያል። ወዲያው ሁሉም መልሶ ነጭ ሆነ።

ከደመናው በላይ ወጡ። መካነ ሰላም ላይ ሰማዩ ገና ክፍት ስለነበር ወደዚያው ተመለሱ።

ሸህ መሐሙድን የጤና ጣቢያው መኪና ሲወስዳቸው ኑርጃን ጓዛቸውን ልታወርድ ሜዳው ላይ ቀረች። ካፒቴን ሙላው ሻንጣውን ተቀበሏት።

«አይዞሽ። ነገሩ እኮ ይህን ያህል አልነበረም» አሉ። «ወደ ላይ ልወጣ ስል ነው ልጅቷ መሪውን የነጠቀችኝ። አይተሻል አይደል?»

ኑርጃን ሳይታወቃት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጎሽ። ነገ ሰማዩ ሲገልጥ አባትሽን እኔው አደርሳቸዋለሁ።»

ይህ ቃል ኪዳን ይሁን ሌላ ነገር አልገባትም። ዛሬ ጠዋት አለቆቻቸውን ለምነው፣ «ይህን የመሰለ ሰው እንዴት ጥለን እንሄዳለን» ብለው አባቷን ያስጫኑት እኚሁ ሰው ናቸው። እውነት ሊወጡ ነበር? ምናልባት። እጃቸውን አላየችም። «ቆዪ» ሲሉ ግን ሰምታለች። ወይስ «ቆዪ፣ ልውጣ» ነው ያሉት? ደግማ ደጋግማ ባሰበችው ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ይምታታባታል።

የኔአለም ክንፉ ሥር ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

«መሣሪያው ግን ይዋሻል እንዴ?» አለቻት ኑርጃን ጠጋ ብላ።

«አንዳንዴ ይሳሳታል። ደመና ውስጥ ሆነሽ ግን መጀመሪያ ትወጫለሽ። ተሳስቶ እንደሆነ ላይ ሆነሽ ትጠይቂያለሽ።»

«አሁን ምን ይሆናል?»

«ያለ ፈቃድ መሪ ነጠቀች ከተባለ ከሥራ እሰናበታለሁ።»

«ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ያንን ከኔ አትስሚ» አለች የኔአለም። «እኔ ያልኩሽን ካልሽ የኔ ቃል እንጂ ያንቺ አይሆንም።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የካፒቴኑ ሞባይል ጮኸ። አውርተው አውርተው ዞር አሉ። «ከቢሮ ነው፤ ለምን እንደተመለስን ለማጣራት ከኋላ የነበረችውን ልጅ ስጠን ይላሉ» ብለው ስልኩን ለኑርጃን ሰጧት።

በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ስሟን ጠየቃት፤ ቀጥሎም «የምታስታውሺውን ንገሪኝ» አላት።

ካፒቴኑ መሬት መሬቱን ያያሉ። የአባቷ ሕመም ትዝ አላት፤ የነገው ጉዞም።

«አባቴን ያስጫኑልን ካፒቴን ሙላው ናቸው» አለች። «እሱ ይጻፍልኝ።»

«እሺ፣ ጽፌዋለሁ። ሌላስ?»

«እጃቸውን አላየሁም። ስላላየሁት አልናገርም። የሰማሁትን ግን በተራ እነግርዎታለሁ።»

ከዚያ ዞር ብላ አልሄደችም። ካፒቴኑም የኔአለምም በደንብ ወደሚሰሟት ቦታ ጠጋ ብላ ቆመች።