ከመጋረጃው ማዶ ያለው ድምፅ

ትልቁ ቃጠሎ የከተማይቱን ግማሽ በበላ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አገረ ገዥው አዋጅ አስነገሩ፤ አዲስ ሥራ አስቦ አቅም ያጠረው ሁሉ ሐሳቡን አስጽፎ ያቅርብ፤ የተሻለው ከሕዝብ ግምጃ ቤት ይደገፋል ተባለ። ፊት አይቶ ማዳላት እንዳይኖር የአመልካቹ ስም በሰም ይታሸግ ነበር፤ አምስቱ መርማሪዎች ወረቀቱንም አያዩ፤ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ከመጋረጃ ማዶ ሆኖ ያነብላቸዋል፤ እነርሱም ለሚደገፈው ነጭ፣ ለሚቀረው ጥቁር ጠጠር ይጥላሉ።

ጸሐፊው ድምፀ መረዋ ነበር። ታናሽ እህቱ ባሏን ቃጠሎው የነጠቃት ናት፤ እሳት የማይበላው የጣሪያ ሸክላ ልትሠራ አስባ አመልክታለች፤ ካልተፈቀደላት አማቶቿ ቤት ገብታ መገረድ ነው።

«ጋሼ፣ የእኔን እንደ መርዶ አታንብብብኝ፣ አደራ!» አለችው ጠዋት።

«ዝም በይ አንቺ! እኔ አንባቢ እንጂ አማላጅ አይደለሁም።»

«ማን አማልደኝ አለህ? ጉሮሮህን ጥረግ ነው ያልኩህ!»

ንባቡ ሲጀመር የአንድ ሳሙና ሠሪን ሐሳብ እንደ ዜማ አወረደው፤ አምስት ነጭ ተጣለ። የእህቱ ሲደርስ ግን ከመጀመሪያው መስመር አወቃት፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ድምፁን ገደለ፤ ቁም ነገሩን ሁሉ እያጣደፈ አለፈው። አንድ ነጭ፣ አራት ጥቁር።

ንጹሕ ነኝ ብሎ ወረቀቶቹን ሲያጥፍ የሳሙናው ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ሳሙናው ከምን እንደሚሠራ እንኳ አልተጻፈም፤ አምስቱን ነጭ ያስጣለው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

«ጌቶቼ፣ ያደላሁስ እኔ ነኝ። አንዱ የዘመዴ ነው፤ ላለማድላት ብዬ በደልኩት። የቱ እንደ ሆነ አልናገርም፤ ሁሉም በሌላ ሰው ይነበብ።»

ሰብሳቢው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያበላህን ጉሮሮ በገዛ እጅህ አነቅኸው፣ ልጄ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረክብ።»

ድምፀ ሻካራው በር ጠባቂ ተጠርቶ ሁሉንም እየተንተባተበ አነበበ። ሸክላው ሦስት ነጭ አገኘ፤ ሳሙናው አንድም አላገኘ።

«ከሥራ ተባረርክ አሉ» አለች እህቱ። «ጭቃ መርገጥ ትችላለህ?»

«ማንበብም እችል ነበር።»

«እሱንማ አየነው!»

የግምጃ ቤቱ መዝገብ ስለዚያ ቀን አንዲት መስመር ይዟል፤ አገረ ገዥው በጥበባቸው ማናቸውም ሐሳብ በሁለት አንባቢ እንዲነበብ ደነገጉ ይላል። ከሸክላው ምድጃ አጠገብ ጭቃ እየረገጠ በመረዋ ድምፁ ያንጎራጉር ስለ ነበረው ሰው የሚለው የለም።