በአስር የተባዛው ግፊት

«አትዙር» አለችው።

አልዞረም። አሮጌ ብሎን ከተቆለለበት መደብ ፊት ቆሞ አንዱን አነሳና የብሎኑን ጥርስ በጥፍሩ ፈተሸ። ሴትዮዋ ከጎኑ ቆማ የቧንቧ ክዳን የምትመርጥ መስላለች። የዕቃ ተራው በቀትር ግርግር ላይ ነው፤ ለሁለቱም ልብ የሰጠ ሰው የለም።

ሁለቱም የሚሠሩለት የስለላ ቢሮ የሚያውቃት «እቴቴ» ብሎ ነው። እሱን ደግሞ «ውሃ ልክ»።

«ከረጢቱ እግርህ ሥር ነው፣ የኔ ዓለም። አዲስ ጌጅ። ግፊቱን በባር ያሳያል፤ ፓውንድ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም»

«የድሮውን ጠዋት ሰብሬዋለሁ። ከእጄ አመለጠኝ ብያቸዋለሁ»

«ጎበዝ። የሲሊንደሩ ገዢ ከፓውንድ ሌላ አያውቅም። አንተ ታነብለታለህ፣ አንተ ትመነዝርለታለህ። እስኪፈነዳ»

«ሽማግሌውስ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«የቶርኖው ባለሙያ። ዕቃ ሲፈተሽ ጆሮውን ብየዳው ላይ ለጥፎ ነው የሚያዳምጠው። ልማዱ ነው»

«በውሃ አይደል የሚሞከረው? ውሃ ቢፈነዳ ያረጥባል እንጂ አይገድልም። ልብሱን ይቀይራል» ብላ ሳቅ አለች። «በርታ፣ የኔ ዓለም»

ከረጢቱን አንስቶ ቀና ሲል የለችም።

ውሃ ልክ የሚሠራበት ወርክሾፕ ከፊት ለፊቱ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ነው። ከኋላ፣ በሰማያዊ ሸራ በተጋረደው ክፍል ውስጥ ግን አንድ ትልቅ የብረት ሲሊንደር ተሠርቶ ቆሟል። ገዢው መርዝ ጋዝ ይሞላበታል። የት እንደሚከፍተው ቢሮው ደርሶበታል፤ ሕፃናት የሚበዙበት ቦታ ነው። የሲሊንደሩ ሥዕል የመጣው በኢንችና በፓውንድ ስለሆነ የወርክሾፑ ባለቤት አንድ መንዛሪ ቀጠረ። ያ መንዛሪ ውሃ ልክ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ኢንቹ» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

የማይቀልድበት ጋሽ ቶርኖ ብቻ ነው። ሚስቱ ምሳ ዕቃው ውስጥ የሁለት ሰው ምሳ ትሞላለች፤ ለራሱና ቤተሰብ የለኝም ላለው ለዚህ ልጅ።

«ና ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለው ሲገባ።

«እርስዎ ይጀምሩ ጋሼ። ጌጁን ልግጠም»

«ስድስት መቶ ፓውንድ ድረስ ይችላል፤ ብየዳውን እኔው ነኝ የሠራሁት። ከዚያ ወዲያ ግን እንዳትሞክሩት። ይለቃል»

«እሺ ጋሼ»

ሽማግሌው ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም፤ ለእሱ የቢራ ፋብሪካ ዕቃ ነው።

ባለቤቱ ሌሎቹን ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ሸኝቶ ሸራውን ገለጠ። ገዢው ተከትሎት ገባ፤ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ፣ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው።

ከሲሊንደሩ ጎን የውሃ ጎማ የለም።

ኮምፕሬሰር ነው የቆመው።

«ውሃውስ?» አለ ውሃ ልክ።

«ቀረ» አለ ባለቤቱ። «ያቺ ዕቃ አቅራቢ ሴትዮ ደውላ በአየር ይፍጠንላችሁ አለች። አፏ ደግሞ ማር ነው! የኔ ዓለም ሳትል ቃል አይወጣትም»

እቴቴ ናት።

ውሃ ብረቱን ቢሰነጥቅ ይፈሳል፣ አለቀ። የታመቀ አየር ግን ሲያመልጥ ብረቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እቴቴ ይህን ታውቃለች። የፈለገችው አደጋ የሚመስል ነገር ነው። አደጋ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ፓውንድና ባር የተምታታበት አንድ ሞኝ መንዛሪ፣ ያውም ተጠይቆ የማይመልስ ሬሳ። ከዚያ የተሻለ ጥፋተኛ ከየት ይገኛል?

ሮጦ ቢያመልጥ ሲሊንደሩ ዛሬውኑ ይጫናል። ለባለቤቱ ቢናገርም ያው ነው። ስለዚህ ይቆያል።

ጋሽ ቶርኖ ግን ጆሮውን በመሐረብ እየጠረገ ወደ ሲሊንደሩ ቀረበ።

ውሃ ልክ ዓይኑን በጨው አጠበ።

«ይሄ ሰውዬ ካለ እኔ አላነብም!»

ባለቤቱ ዞረ። «ደግሞ ምን መጣ?»

«የጠፋው ናስ የት እንደገባ ጠይቀው። በምሳ ዕቃው ነው የሚያወጣው። በዓይኔ አይቻለሁ»

ሽማግሌው መሐረቡን እንደያዘ ቆመ። «ልጄ… እኔን ነው?»

«አንተን ነው! ማነው ልጅህ? የሌባ ልጅ አይደለሁም!»

ከተዋወቁ ጀምሮ «አንተ» ብሎት አያውቅም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምላሱን ያቃጠለው መሰለው።

ባለቤቱ ናሱ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ የሚጮህበት ሰው ሲፈልግ ነበርና ለማጣራት እንኳ ጊዜ አላጠፋም። «ውጣ! ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

ጋሽ ቶርኖ ምሳ ዕቃውን አንስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«የበላህበትን ወጪት ሰበርክ» አለ ቀስ ብሎ። ወጣ።

ውሃ ልክ እንዳያለቅስ ጥርሱን ነክሶ የጌጁን ረጅም ቱቦ እየጎተተ ከትልቁ የቶርኖ ማሽን ጀርባ ገባ።

«ምነው እዚያ?» አለ ገዢው።

«ብርሃኑ እዚህ ይሻላል»

ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። ባለቤቱ የሳሙና አረፋ እየነከረ ብየዳውን ይቀባል፤ አየር የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ይናገራል። ገዢው አጠገቡ ቆሟል።

አንድ ባር አስራ አራት ተኩል ፓውንድ ነው። ውሃ ልክ በአስር ያባዛል።

«ሃያ ባር!»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ» አለ ገዢው።

«ሁለት መቶ ፓውንድ!»

እውነቱ ሦስት መቶ ሊሞላ ነው።

«አርባ ባር! አራት መቶ ፓውንድ!»

እውነቱ ስድስት መቶ ሊሞላ ነው። የሽማግሌው ብየዳ እዚህ ድረስ ነው የሚምለው።

«ቀጥል» አለ ገዢው። «ስድስት መቶ ሲሞላ አቁም»

«ሃምሳ! አምስት መቶ ፓውንድ!»

ብረቱ አቃሰተ። ባለቤቱ ብሩሹን እንደያዘ ቀና አለ።

«ይሄ ነገር ድምፁ…»

ጌጁ ሃምሳ አምስትን ነካ።

ውሃ ልክ መሬት ላይ ተደፋ።

ሲነቃ ጣሪያው የለም። የቶርኖ ማሽኑ ግማሽ ጎኑ ተገሽልጦ ከላዩ ቆሟል። ግራ ጆሮው ዝም ብሏል፤ ሞቅ ያለ ነገር አንገቱ ላይ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ከነበረበት ቦታ የቀረ ነገር የለም። ከባለቤቱም፣ ከገዢውም።

በፈረሰው የኋላ ግድግዳ ወጣ። ተንጠልጥሎ የቀረ የሠራተኛ ካፖርት ለበሰ፤ ዞሮ በፊት ለፊቱ መንገድ ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋር ተቀላቀለ። ሁሉም አቧራ ለብሷል። ማንም ማንንም አይመስልም።

እቴቴ ማዶ ቆማለች። ጥላ ይዛለች። የሚወጣውን ሰው በዓይኗ ትቆጥራለች።

ያን ጊዜ ሕዝቡን እየገፋ አንድ ሰው መጣ።

«ልጄ ውስጥ ነው!» ይላል ጋሽ ቶርኖ። «ልጄን አውጡልኝ! ኢንቹ! አንተ ልጅ!»

ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። የተቀዳደደውን ብረት በባዶ እጁ መግፋት ጀመረ። እጁ ሲደማ ይታያል። ቅድም ከዚሁ ልጅ አፍ ስድብ የተቀበለ ሰው አይመስልም።

እቴቴ ጠጋ ብላ አንዱን ጠየቀች። ሰውዬው ወደ ሽማግሌው ጠቆማት። አዳመጠች፤ የሚያለቅስለትን ሰው ማንነት ሰማች። ከንፈሯን መጠጠች፤ ጥላዋን አጠፈችና ሄደች።

መሞቱን አመነች።

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው። «አለሁ ጋሼ» ቢለው ሽማግሌው እጁን ከፍርስራሹ ያወጣል። ግን ወሬው እቴቴ ዘንድ ይደርሳል፤ ተመልሳም ለሁለቱም ትመጣለች። ውሃ ልክ እግሩ ወደ ፊት ሊሄድበት ሲል በግድ መለሰው።

«አንተ፣ ትደማለህ እኮ!» አለችው አጠገቡ የቆመች ሴት። «ከውስጥ ነህ እንዴ?»

«መንገደኛ ነኝ። መስታወት ነው የመታኝ»

«ሽማግሌው ያሳዝናል። አንድያ ልጁ ነው መሰለኝ። ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አለ።

ከሚበተነው ሰው ጋር ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄደ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራው እስኪደርስ ድረስ የሽማግሌው ጥሪ በደህናው ጆሮው ይሰማው ነበር።