በሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈው

ሰውየው ለአሥራ አንደኛ ቀን ወደ ወይን ቤቱ መጣና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። አንድ ብርጭቆ አዘዘ፤ ደብተሩን አወጣ፤ ከዚያ ወይኑን ትቶ ሰው ማየት ጀመረ።

«ይሄ ሰውዬ በጤናው አይደለም» አለች ብርጭቆ የምታጥበው የባለ ወይን ቤቷ አክስት። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።»

ባለ ወይን ቤቷ ለመጠርጠር ምክንያት አላጣችም። ሰፈሩ እየፈረሰ የመስታወት ፎቅ እየበቀለበት ነው። ጫማ ሰፊው ሄደ፤ ዳቦ ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆነ። እሷ ብቻ ከአባቷ በወረሰችው ሥራ፣ ስድስት ጠረጴዛ በያዘች ቤት፣ ምንም ያልተጨመረበትን ደፍረስ ያለ ወይን መቅዳቷን ቀጥላለች። ባለፈው ወር ግን አከራይዋ «ቤቱን የሚያይ ሰው እልካለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉባት። ቤቱ ከሄደ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

ደግሞ ሰውየው መልከ መልካም ነው፤ ይህ ይብስ አናደዳት። ቀና ስትል ዓይኑን ታገኘዋለች፤ እሱ ቶሎ ወደ ደብተሩ ያቀረቅራል። ጉንጯ ይግላል፤ ከዚያ በራሷ ትበሽቃለች።

ልቧማ ሌላ ዘንድ ነው፤ ለማንም አትናገረውም እንጂ። ወይኑን የሚልክላት ገበሬ በየዓመቱ የመጀመሪያው ሳጥን ክዳን ላይ አንድ መስመር ይጽፍ ነበር። «ዝናቡ አስቸግሮናል፤ ታገሡት።» «ዘንድሮ ኩሩ ነው፤ ከፍታችሁ ጠብቁት።» ዕቃውን የሚያመጣው ሾፌር ስለሆነ ገበሬውን አይታው አታውቅም። ክዳኖቹን ግን አንድም ሳትጥል ጓዳ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አምና ሳጥኑ ያለ ጽሑፍ መጣ፤ ወዳጇ የተቀየማት ያህል አዘነች።

በማግስቱ ሰውየውን ልትፈትነው ወሰነች። አባቷ ቡሹ ሻግቶ ወይኑ የሚከረፋ ጠርሙስ አይደፉም ነበር፤ «ወይን አዋቂ ነኝ» ባይ ሲመጣ መፈተኛ ያደርጉታል። እሷም ከእንዲህ ያለው ቀዳችለት። ወይን የሚያውቅ ከሆነ አሽትቶ ሳይቀምሰው ይመልሰዋል፤ ከጠጣው ግን የመጣው ለወይን አይደለም።

እስከ መጨረሻው ጠጣው።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። እንደ ሁልጊዜው።»

«አላልኩሽም?» አለች አክስቷ ከጓዳ።

ባለ ወይን ቤቷ ደሟ ፈላ። «ለማን ነው የሚጽፉት? ለአከራዬ ነው?» ብላ ደብተሩን ከእጁ ነጠቀችው።

የቤቱ ስፋት አልተጻፈበትም። «ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ቀመሱና ዝም አሉ፤ ቆይተው ሳቁ። ደገሙ።» «ሁለቱ ሴቶች የበሰለ ኮክ ሸተተን አሉ።» ከሥሩ ደግሞ፦ «እሷ ስትቀዳ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አንገት ትደግፈዋለች።» የፊደሉን አጣጣል ታውቀዋለች።

«የሳጥኑ... አንተ ነህ?»

አንገቱን ደፋ። «ካቻምና ታምሜ ነበር። ስነሳ ማሽተት የሚባል ነገር የለም። የራሴን ወይን ሳላውቀው ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ተክሉን ልነቅለው ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሲጠጣው ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ማንነትህን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽማ ሁሉም ለይሉኝታ ሲል ያሞግሰኛል።»

አሁን ማፈር የእሷ ተራ ሆነ። «የዛሬው... ሻግቷል። ልፈትንህ ብዬ ነው።»

ሳቁ መጀመሪያ የመጣው ከእሱ ነው። «ለካ ‹ጥሩ ነው› ስልሽ ፊትሽ የጠቆረው ለዚህ ነው!»

አዲስ ጠርሙስ ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አሸተተች። «ዝናብ የነካው ድንጋይ» አለችው። «የኮክ ልጣጭ። ቆይ... ማርም አለው። ደህና ነው፤ እንዳትነቅለው።» ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። አልጻፈም።

የአከራይዋ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ሜትር ይዞ መጣ፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልጠጣም። ቤቱን አላዳኑትም። ባለ ወይን ቤቷ ሦስቱን ጠረጴዛዎች ሸጠች፤ ሦስቱን ይዛ የድሮው ጫማ ሰፊ ሱቅ ገባች። አዝመራው ሲደርስ በሯን ዘግታ ወደ ገበሬው ሄደች፤ በርሜል በበርሜል እሷ እያሸተተች፣ እሱ እየጻፈ አብረው ሠሩ።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሳጥን ሲወርድ አክስቷ መነጽሯን አድርጋ ክዳኑን ጮክ ብላ አነበበች።

«ዘንድሮ ያሸተተችው ባለቤቴ ናት። እመኗት።»

አክስቷ «ጠርጥር...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ክዳኑን ቀስ አድርጋ ነቅላ፣ ጓዳ ወስዳ ከሌሎቹ በላይ አስቀመጠችው።