ከስቱኮው ሥር

የተሰረቀው አንድ ፓራፋንጎ ነው። የመኪና የፊት ጎማ የሚሸፍን ቆርቆሮ፤ ያውም የዛገ፣ ያውም ግማሹ የተፋቀ። ሰው ይህን ሰርቆ ምን ያደርገዋል?

መምህር መንግስቱ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ የግቢያቸው በር እንደተቆለፈ ነበር። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ገቡ። ኩፔዋን ሳያዩ ቁርስ አይቀምሱም። ባለ ሁለት በሯ ቀይ አሮጌ ፊያት በአራት ግንድ ላይ እንደተሰቀለች ናት። በቀኝ በኩል ግን ፓራፋንጎዋ የለም።

"ወይ ጉድ!" አሉ። "ራዲያተሩን ትቶ፣ አዲሱን ጎማ ትቶ፣ ይቺን?"

ዋና ሳጅን እስከዳር ሰኞ ጠዋት መጣች። ድሮ አውቶ መካኒክ አስተምረዋታል፤ ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች።

"ጋሼ፣ ማንን ይጠረጥራሉ?"

"የዛገ ቆርቆሮ የሚሰርቅ ሰው አላውቅማ ልጄ።"

"አሮጌ ብረት የሚገዛው አለበል በዚህ ሰፈር ይዞራል።"

"አለበል መዳብ አጠገቡ ተቀምጦ ዝገት ይሰርቃል? ተይኝ እባክሽ።"

እሷ ግን አልተወችም። የአለበልን መጋዘን አገላብጣ ፈተሸች። ፓራፋንጎ ሞልቷል፤ የኩፔዋ የለም። አለበል ተቆጣ።

"እኔ ብሰርቅ ራዲያተሩን ነው የምሰርቀው! ሞኝ አድርገሽ ታይኛለሽ እንዴ?"

እሁድን የዋለው ሮብ ገበያ ከተባለችው ከተማ ነው፤ አብረውት የዋሉ ሰዎችም መሰከሩ።

ቀጥሎ የመምህሩ ጎረቤት ሥራነሽ ነበረች። ከእሳቸው ጋር በመዶሻ ድምፅ የተነሳ ሁለት ጊዜ ቀበሌ ደርሳለች።

"መዶሻቸው አራስ ልጄን አስለቀሰብኝ ብያለሁ፤ አልዋሽም" አለች። "ሌባ ግን አይደለሁም። እንዲያውም እሁድ ቤት ነበርኩ። የግቢያቸው በር በቁልፍ ሲከፈት ሰምቻለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ መስሎኝ ነበር።"

"በቁልፍ? አልተሰበረም?"

"በቁልፍ አልኩሽ እኮ።"

እስከዳር ወደ ጥላው ተመለሰች። የመምህሩ ዕቃዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቅርፁ በነጭ ቀለም ተሥሏል፤ መዶሻው በመዶሻው ሥዕል ላይ፣ ካቻቢቴው በካቻቢቴው ሥዕል ላይ። አሥር ቁጥር የብሎን ቁልፍን አወረደችና ጣቷን አሸችበት። ጣቷ በዝገት ቀላ።

"ይቺን ሳይጠርጉ ነው የሰቀሏት?"

"እኔ? ሳልጠርግ? ቅዳሜ ማታ በነዳጅ አጥቤ ነው የሰቀልኳት።"

"ሌባው ፓራፋንጎውን በዚች ፈታ። ከዚያ ቦታዋ ላይ መልሶ ሰቀላት። እጁ ልማድ ሆኖበት ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የግቢው ቁልፍ ከእርስዎ ሌላ ማን ጋ አለ?"

መንግስቱ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የበር ቁልፍ ዳሰሱ።

"ትዕዛዙ ጋ። ትዕዛዙን ግን እንዳታነሺብኝ!"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አገሬው። ይሁን እንጂ ትዕዛዙን እንዴት ብሎ ሰው ይጠርጥር? ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ያስተማሩ ናቸው። ኩፔዋ ራሷ የትዕዛዙ ነበረች፤ ድሮ ቀለሟ ነጭ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመንግስቱ አንድ ልጅ ተስፋዓለም፣ በሃያ ዓመቱ፣ በሮብ ገበያ መንገድ ላይ ሲሮጥ መኪና ገጭቶት አመለጠ። ገዳዩ አልታወቀም። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ትዕዛዙ ናቸው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጤናዬ፣ የልጁ እናት፣ ገዳዩን እንደጠየቀች ሞተች። መንግስቱ እህል አልበላ ብለው ሲተኙ፣ ኩፔዋን በገመድ አስጎትተው ያመጡላቸው ትዕዛዙ ናቸው። "እንካ፣ እጅህ ሥራ አይፍታ" ብለው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ቁልፍ ያቀብሏቸው ነበር።

መንግስቱ በዚያች መኪና ቀኑን አሳለፉ። ሌሊቱ ግን የልጃቸው ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን እንደገደለው ሳያውቁ እንዳይሞቱ።

"ፓራፋንጎው ላይ ምን ነበረበት ጋሼ?" አለች እስከዳር።

"ምን ይኖርበታል? ቅዳሜ ቀዩን ቀለም ስፍቅ ጭርምት የሚሞላበት ወፍራም ስቱኮ አገኘሁ። ከሥሩ ላሜራው ላይ በምስማር የተጫረ ጽሕፈት አለ። ግሩም ቁም ጽሕፈት ነው! 'ዘማርያም ሠራው፣ በጉንደ ወይን' ይላል። የቀረው ስቱኮው ሥር ነው።"

"ለማን ነገሩ?"

"ለማንም። ለትዕዛዙ ብቻ ደወልኩለት፤ ጉንፋን ይዞት ቀርቶ ነበር። ነገ ከቅዳሴ መልስ ፍቄ አነበዋለሁ አልኩት። ሳቅን እኮ!"

"እሳቸው ሳቁ?"

መንግስቱ አሰቡ። "እኔ ሳቅኩ" አሉ።

በማግሥቱ እስከዳር በሚኒባስ ጉንደ ወይን ሄደች። ዘማርያምን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ በከተማው የተጨራመተ መኪና የሚያቀና ሁሉ ያውቀዋል። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ ሰው ነው።

"እኔ የዲማ ገዳም ልጅ ነኝ" አላት። "ብራና መጻፍ ነበር የተማርኩት። መጽሐፍ ሲያልቅ፣ የጻፈውና ያጻፈው ሰው ስም መጨረሻ ላይ ይገባል፤ አንባቢው እንዲጸልይላቸው። ብራናውን ትቼ ላሜራ ብይዝም ልማዱ አለቀቀኝም። ያሠራኝን ሰው ስም ሳልጽፍ ስቱኮ አልቀባም።"

"ከስቱኮ ሥር ማን ያነበዋል?"

"እግዜር።"

"ነጭ ኩፔ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። ቀይ የተቀባች።"

ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቆረ።

"ባለቤቷ በሬ ገጨሁ ነበር ያለኝ። የፊት መብራቷ ጥግ ላይ ግን ሰማያዊ የሹራብ ክር አገኘሁ። በሬ ሹራብ አይለብስም።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ፈራሁ፤ ምን ልበልሽ? ክሩን አቃጠልኩ። ስም ስጠኝ ስለው ዝም አለ። ለጸሎት ነው፣ የክርስትና ስምህን ንገረኝ አልኩት። ያኔ አለቀሰ። ሌላ ስም ቢነግረኝ በምን አውቅበት ነበር? ግን ለጸሎት የሚሰጥ ስም ማን ይዋሻል?" ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "ኃይለ ሚካኤል አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙን ሳነሳ የራሴንም አብሬ አነሳለሁ።"

እስከዳር በማታው ሚኒባስ ተመለሰች። የክርስትና ስም በመታወቂያ ላይ የለም፤ የሚያውቁት የንስሐ አባትና የቅርብ ሰው ናቸው። ለማን እንደምትናገረው ታውቃለች፤ እንዴት እንደምትናገረው ግን አላወቀችም።

ረቡዕ ጠዋት መንግስቱ በኩፔዋ በር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ኃይለ ሚካኤል ማን ነው?"

እጃቸው ቆመ።

"ከማን ሰማሽው?"

"ስቱኮው ሥር የተጻፈው ስም ነው።" ከዚያ ስለ ሰማያዊው ክር ነገረቻቸው። ልጁ የሞተ ቀን የለበሰውን ሰማያዊ ሹራብ የሠራችው ጤናዬ ናት።

መንግስቱ በሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

"ትዕዛዙ ሐሞቱን ሊቀደድ ሆስፒታል የገባ ጊዜ" አሉ፣ "ስሙን ለካህናቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አስቀደስኩለት። አምላኬ ሆይ፣ ኃይለ ሚካኤልን ማርልኝ እያልኩ ነበር እኮ ያለቀስኩት!"

"እዚሁ ይቆዩ። እኔ እሄዳለሁ።"

"ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ ልጄ። ነይ እንሂድ።"

ትዕዛዙ በሩን ሲከፍቱ ማንንም አልጠየቁም። ፓራፋንጎው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስቱኮው ተፍቆ አልቆ፣ ስሙ ወጥቷል።

"አባይ ልጥላት ነበር" አሉ። "ሁለት ጊዜ ይዤ ወጣሁ። አልቻልኩም።"

"መኪናዋን ለምን ሰጠሃቸው?" አለች እስከዳር። አንቱታውን ሳታስበው ተወችው።

"ግቢዬ ውስጥ ስትቆም መተኛት አቃተኝ። ለሰው ልሸጣት ፈራሁ። አንድ ቀን ራሱ ያግኘው፣ ይገላግለኝ አልኩ። ሲደውልልኝ ግን ለመደበቅ ተጣደፍኩ።"

"ዕለቱን ንገረኝ" አሉ መንግስቱ።

"መንጌ፣ እባክህ..."

"ንገረኝ አልኩህ!"

ትዕዛዙ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። "ከሰርግ ስመለስ ነው። ጠጥቼ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከከተማው መግቢያ ሳልደርስ... ወርጄ አየሁት። በሕይወት ነበር። አወቀኝ። 'ጋሼ' አለኝ።"

እስከዳር መጻፏን አቆመች። የድሮውን መዝገብ አንብባዋለች። ሰው ያገኘው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሐኪሙ ነፍሱ ገና መውጣቷ ነው ብሎ ጽፏል። ከዚያ ቦታ ሆስፒታሉ በመኪና ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

"ከዚያስ?" አሉ መንግስቱ።

"እስሩን ፈራሁ። ያንተን ፊት ፈራሁ። ሰው ያነሳዋል ብዬ ትቼው ሄድኩ። በደጅህ ሳልፍ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። ልነግርህ ፍሬን ያዝኩ። አንተ በግራ በኩል ነህ፣ የተመታው ቀኙ ነው፤ አልታየህም። እጅህን አነሳህልኝ። እኔም አነሳሁልህና አለፍኩ። መኪናዋን ሸራ አልብሼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ቤትህ ተቀመጥኩ።"

እስከዳር ካቴናውን አወጣች። ትዕዛዙ እጃቸውን ሰጧት፤ ከዚያ እንደታሰሩ ተንበርክከው የመንግስቱን እግር ሊይዙ ሞከሩ። መንግስቱ እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ልጄን እየጠበቅኩ ነበር እኮ የቆምኩት" አሉ። "ራቱ እንዳይቀዘቅዝ።"

"ማረኝ መንጌ።"

"ፖሊስ ጠየቀኝ። በዚያ ሰዓት በዚህ መንገድ ምን ምን መኪና አለፈ አሉኝ። አንድ አይሱዙ አልኩ። አንድ ሚኒባስ አልኩ። ያንተን አልነገርኳቸውም። ረስቼ አይደለም፤ ያንተማ ምን ይነገራል? ያንተ ነዋ! አንተን ከመኪና አልቆጠርኩህም።"

እስከዳር የመንግስቱን ክንድ ያዘች።

"የሸሸግኩህ እኔ ነኝ" አሉ መንግስቱ። "ጤናዬ ሞት አልጋዋ ላይ ሆና፣ 'እስኪ ደግመህ አስብ፣ ማን አለፈ?' ስትለኝ፣ አይሱዙ ነው ያልኳት።"