የፔርሙሱ ክዳን

ለክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ፦ የቀዶ ሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ፔርሙስ ክዳኑን ማጣቱን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ክዳኑ እስኪገኝ ድረስ ሻዩ መቀዝቀዙን ይቀጥላል።

ሌባው ገና ከሥልጠና የወጣው የቆሽት ሐኪም ነበር። ኩባያ የጠፋ ዕለት ለሕፃናት ክፍሏ ነርስ ሻይ የቀዳላት በዚያ ክዳን ነው። ጠጥታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው፤ ክዳኑ ከዚያ ወዲያ መኖሪያው የእሷ ቦርሳ ሆነ። በእረፍታቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ይጠጡበታል።

ያኔ እሱና ጓደኞቹ ቀዶ የሠሩላቸው ታካሚዎች ሁሉ በእግራቸው ቤታቸው ገብተው ነበር። አለቃቸው የዳኑትን ቁጥር የያዘ «አበረታች ጅምር» የሚል ጽሑፍ ኮሪደሩ ላይ አስለጥፈዋል። ወዲያው የነርሷ አባት ዐይን ቢጫ ሆነ፤ እጢው የቆሽታቸው ራስ ላይ ተገኘ።

«አስተማሪህ ከውጭ እስኪመለሱ አባዬን እንዳትነካብኝ። ማልልኝ።»

«አንቺን ይንሳኝ፣ አልነካቸውም።»

እሷ ለሥልጠና ሌላ ከተማ በሄደችበት ሳምንት አባትየው የሐኪሙን እጅ ለቀም አደረጉት።

«ይህ ቢጫ ያመጣብኝ ማሳከክ ገደለኝ፣ እህል ካስጠላኝ ከረመ። አስተማሪህ ሲመጡ እጢው ባለበት ይጠብቃቸዋል?»

«ይጠብቅ ይሆናል፣ አባባ።»

«ይሆናል?» ሳቁ። «ሆዴን የፈራህ ልጄን ለመቅረብ እንዴት ደፈርክ? አንተው ሥራኝ። ብቻ እኔ እንደገፋሁህ እንዳትነግራት። ቢከፋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እኔን ስታማርር እንድትኖር አልፈልግም። ቃልህን ስጠኝ።»

ሰጠ።

ቀዶው አምሮ አለቀ። ግን የሽማግሌው ቆሽት እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ ክር የማይዝ ነበር። ከአንጀቱ ጋር የተሰፋበት ቦታ አፈሰሰ፤ ከዚያ ደም ተከተለ። ልጃቸው ስትደርስ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ እየተነጠፈ ነበር።

አለቃው በክፍሉ ስብሰባ «አንድ ሞት ከሚጠበቀው አይበልጥም» አሉ። ጽሑፉ ከኮሪደሩ አልወረደም።

ከቀብሩ በኋላ ደረጃው ላይ መጣች። ክዳኑን ከቦርሳዋ አውጥታ መካከላቸው አስቀመጠችው።

«ምለህልኝ ነበር።»

«ምዬ ነበር።»

«ለዚያ ለተለጠፈው ወረቀት ነው? አንድ ሰው እንዲጨመርላችሁ?»

ቆሽቱ አረረ፤ ለዚያኛው ሕመም የሠለጠነ ሐኪም ገና አልተገኘም።

«አባዬን ምን ብለህ ነው ያግባባኸው? እውነቱን ብቻ ንገረኝ፣ ይቅር እልሃለሁ።»

አፉን ከፈተ። የሽማግሌው እጅ አሁንም እጁን የያዘው መሰለው።

«አልነግርሽም» አላት።